ሠላሳ ሰባት ፐርሰንት

ኮምፒውተሬ የእናቴን ቤት የወሰደብኝ ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ሰባት ፐርሰንት ሲደርስ ነው።

ደሴ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ በከፈትኳት ሱቅ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የሰው አቤቱታ ስጽፍ የራሴን ይግባኝ ለመጨረሻው ቀን አቆየሁት፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። የእናቴ ቤት እንዲፈርስ የተሰጠውን ውሳኔ የሚያሳግደው ይግባኝ ከነማስረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ላትመው ስል «ሲስተሙ አፕዴት እያደረገ ነው፤ እባክዎ አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ከምትዞር ትንሽ ክብ ጋር ወጣ። ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬጅስትራሩ በሩን ዘጋ።

ከጎኔ ያሉት ጸሐፊዎች በዚያው ሰዓት እየጻፉ ነበር። የእነሱ ሲስተም የተሰረቀ ኮፒ ነው፤ የተሰረቀ ደግሞ አፕዴት አያደርግም። ከነፈቃዱ የገዛሁት እኔ ሞኟ ብቻ ነበርኩ።

ቤቱ ሰኞ ፈረሰ። እናቴ በተከራየሁላት ክፍል አሥራ ሁለት ቀን ተቀመጠችና ሞተች። ከዚያ ወዲያ የምፈልገው በቀል ብቻ ነበር።

በአርባዋ ማግስት ኮምፒውተር ጠጋኙን ውብሸትን አስጠራሁት።

«ይህን ሲስተም አውጣና ነፃውን ጫንልኝ» አልኩት።

«እትዬ ስንዱ፣ ልዩነቱን አውቀሽ ነው?» አለ። «የሚሸጠው ዕቃው የተሟላ የኪራይ ቤት ነው፤ ግን አከራዩ ባሻው ሰዓት ይገባል። ነፃው ከነቁልፉ፣ ከነፕላኑ ያንቺ ነው፤ ጣራው ሲያፈስ ግን ወጥተሽ የምትደፍኚው አንቺው ነሽ።»

«እወጣለሁ» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ነፃው ከፕሪንተሬ ጋር አራት ቀን ሙሉ አልተነጋገረም። ውብሸት በኢንተርኔት የማያውቃቸውን ሰዎች ሲጠይቅ ከረመ። በአምስተኛው ቀን ተግባቡ። ሳላዘው አፕዴት ያደረገበት ቀን የለም።

ከኮምፒውተሬ የወጣው ሲስተም ግን ሰው ሆኖ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ነበር። ግራጫ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ ጫማው አቧራ አይዝም። ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንኳን ደህና መጡ» ሲለኝ አልፌው ገባሁ። በስምንተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

«የኔ ልጅ፣ ጥፋቱን አምኗል» አሉ ሼህ ይመር፣ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ። «ድንጋይ የተሸከመን ሰው እንቢ ብሎ መመለስ ነውር ነው።»

«ቤቴን ይመልስ» አልኩ።

ሲስተሙ አንገቱን እንደደፋ «ወደ ነበረበት መመለስ አልተቻለም። ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ።

ያን ጊዜ ድንጋዩን አየሁት። ባንድ ጎኑ አረንጓዴ ቀለም አለው። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ከእናቴ አረንጓዴ በር በስተቀኝ፣ ከመቃኑ ሥር የነበረው ድንጋይ ነው። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ካገኙት ፍርስራሽ ነው ያነሱለት፤ አላወቁም። ደሜ ፈላ።

«እሺ፣ እታረቃለሁ» አልኩ። «ግን በጽሑፍ ይሁን።»

ሃያ ዓመት ውል ጽፌያለሁ፤ እጄ እንደዚያ ቀን ሮጦ አያውቅም። የዕርቁ ውል አርባ አንድ ገጽ ሆነ። መጨረሻው ላይ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚል ትንሽ ሳጥን አደረግኩ። ሼህ ይመር «ኧረ አንብበው» አሉት። አንድም ገጽ ሳይገልጥ ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረገ።

«አላነበብክም» አልኩት።

«ማንም አያነብም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ገጽ ሃያ ዘጠኝ ላይ፣ በዳይ ተበዳይ ባሻት ሰዓት፣ ባለበት ቆሞ አፕዴት እንደሚያደርግ፣ የፈረሰው ቤት ተሠርቶ እስኪሞላ ድረስም ድንጋዩን እንደማያወርድ ተጽፏል። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩና «አሁን» አልኩት።

ባለበት ደረቀ። ግንባሩ ላይ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች፤ ከሥሯ ያለው ቁጥር ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ዕርቁን መርቀው ሄዱ።

ክረምቱ እላዩ ላይ አለፈ። ባለጉዳዮች ጃንጥላቸውን ክንዱ ላይ ይሰቅላሉ። እኔ በየጠዋቱ «እባክዎ አይንቀሳቀሱ» እለዋለሁ። ደስ ይለኛል፤ አላፍርበትም።

መስከረም ላይ ሠላሳ ስምንት ሆነ። በማግስቱ አንገቱ ላይ ያለው ድንጋይ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ድንጋዩም ጨመረ። ጉልበቱ ድረስ አስፋልቱ ውስጥ ሰመጠ። አንገቱ ላይ የተሠራው ግድግዳ ከፍርድ ቤቱ አጥር በላይ ወጣ፤ ቆርቆሮው ተመታ፤ አረንጓዴው በር ተገጠመ።

ዛሬ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከላይ መቀርቀሪያ ሲነሳ ሰማሁና ቀና አልኩ። እናቴ ከበሩ ብቅ ብላ ቁልቁል ታየኛለች።

«ይግባኙን አስገባሽ?» አለችኝ።

ግንባሯ ላይ ያችው ትንሽ ክብ ትዞራለች።