በጆግ ውስጥ የከሳው ድንጋይ

ልብስ ሰፊዋ በቤቷ ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ከጆግ የጠጣ ሰው ጆጉን ሞልቶ ይመልስ። ጎደል ያለ ጆግ ካየች ቤቱን ቀውጢ ታደርገዋለች። አባቷ እንኳ፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት በዳበሳ የሚሄዱት ሽማግሌ፣ ቁጣዋን ይፈሩታል።

ልጇ ለትምህርት ቤት ውድድር ከሰማያዊ ጨው ክሪስታል ልታሳድግ ተነሳች። ጨው ይባል እንጂ መርዝ ነው፤ ሻጩ «ከአፍ ይራቅ» ብሎ አስጠንቅቋታል። የመስታወት ዕቃዋ ሲሰነጠቅባት እናት ሆዬ ትርፉን ጆግ ሰጠቻት። የስፌት መኪናው ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠ ሲያስቸግርም፣ አንስታ ከመጠጫው ጆግ ጎን መደርደሪያው ላይ ያኖረችው ራሷ ናት። ለደግነት ማን ብሏት!

ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ በክር የተንጠለጠለችው የክሪስታል ድንጋይ ባቄላ አክላ ነበር። በሦስተኛው ቀን መክሳት ጀመረች። ልጅቷ ክሩን ቀየረች፣ አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ሸፈነች፣ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ጋረደች። ወይ ፍንክች።

ሽማግሌው ደግሞ ሰሞኑን «ውኃችን ዝገት ዝገት ይላል» ይላሉ።

«አባባ፣ የዛገው ምላስዎ ነው» ብላ እናት ስቃባቸዋለች። ከትናንት ጀምሮ ሲያስመልሳቸውም በሾርባው አሳበበች።

ዛሬ ከሰዓት ልጅቷ ጆጉን አቅፋ መጣች።

«እማዬ፣ ነገሩ ገባኝ። ድንጋይዋን የሚያሟሟት ውኃው ሲቀጥን ነው። የሆነ ሰው ውኃ ይጨምርበታል።»

«ማን ይጨምራል? ሥራ የፈታ አለ እንዴ እዚህ ቤት?»

ልጅቷ መጀመሪያ የውኃውን ልክ ጆጉ ላይ በእስክሪብቶ ያሰመረችበትን አሳየቻት። ውኃው መስመሩን አልፎ እስከ አፉ ድረስ ሞልቷል። እናት ክው አለች። በዚህ ቤት ጆግ የሚሞላው የጠጣ ሰው ነው።

መርፌውን ጥላ ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች። ኩባያቸው ወለሉ ላይ ነው፤ ከሥሩ ሰማያዊ ነገር ደርቆበታል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አምቡላንስ ለመጥራት ስልክ ትደውላለች።

«አባባ፣ ከየትኛው ጆግ ነው የሚጠጡት?»

«ከዳር ካለው ነዋ፤ እሱ ለእጄ ይቀርበኛል» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። ፊቷን ማየት አይችሉም፤ ዝምታዋን ግን እንደ ቁጣ ቆጠሩት። «እንዳትቆጪኝ ልጄ፤ በጠጣሁ ቁጥር ሞልቼዋለሁ።»