ዳገት ላይ የሚቆመው ሽማግሌ

የአባት ውርስ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ቤት ይወርሳል፣ አንዱ ቁጣ ይወርሳል፤ የጥርስ ሐኪሟና ታላቅ ወንድሟ ግን የወረሱት ዳገት ላይ የሚቆም መኪና ነው። ዕድሜው ከሁለቱም ይበልጣል። ከፊት ያሉት ሁለት ክብ መብራቶቹ የተገረመ ሰው ዓይን ይመስላሉ። ቤተሰቡ «ሽማግሌው» ይለዋል። አባታቸው በሕይወት ሳሉ «ሽማግሌው አያያዙን ላወቀበት ችግር የለበትም» ይሉ ነበር።

ጠዋት ቁልፉን አንዴ ሲያዞሩለት ይነሳል። ከተማ ውስጥ ሲያሽከረክሩት ቢውሉ ምንም አይል። ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን ረጅም ዳገት ሲይዝ ግን፣ ጫፉ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሁለት ሦስቴ ይስልና ጭጭ! ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስቶ ይሄዳል። ልብ አውልቅ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

እናታቸው ግን ይህን ልብ አውልቅ ይወዱታል። ባላቸው ካረፉ በኋላም እሁድ እሁድ «ኮረብታው ጋ ውሰዱኝ» ማለታቸውን አልተዉም፤ ያውም በሌላ መኪና በጭራሽ አይሄዱም። ባለፈው ወር እንደ ልማዱ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለና ዝናብ መጣ። የመስኮቱ ጎማ ደርቆ ውሃ ያስገባል፤ እናት ብርድ መታቸውና ሲያስሉ ሰነበቱ። ታላቅ ወንድም የመረረው ያኔ ነው።

ታላቅ ወንድም የጭነት መኪናዎች ያሰማራል። ሾፌሮቹን ሁሉ በስልክ ነው የሚነዳቸው፤ ስልኩ ከጆሮው ቢለይ ጆሮውን የሚበርደው ይመስለኛል።

«በቃ!» አለ፣ የስልኩን አፍ በእጁ ከድኖ። «ይሄ መኪና እማዬን መንገድ ላይ ሊገድልብኝ ነው። አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሰኞ መጥቶ ይወስደዋል።»

«ወንድም ጋሼ፣ ውርሱ የሁለታችንም አይደለም እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ጥርስሽን ንቀዪ!»

ይህቺን ማለት አልነበረበትም። እህቱ ከልጅነቷ ጀምሮ እልኸኛ ናት፤ የያዘችውን አትለቅም።

«እሺ፣ እነቅለዋለሁ» አለችው። «እሁድ እማዬን ይዘን እንወጣለን። ከቆመ ሰኞ ይወሰድ፣ እኔው ራሴ እገፋልሃለሁ። ካልቆመ ግን የብረት ገዢ ስም ሁለተኛ እዚህ ቤት አይነሳም።»

ወንድም ሳቀ። ዳገቱን ያምነዋላ! «ይሁን» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

በማግስቱ ሐኪሟ ክሊኒኳን ቀደም ብላ ዘግታ እናቷ ግቢ ደረሰች። የሠፈሩን መካኒክ ጋሽ ብሎንንም አስጠርታቸዋለች። ጋሽ ብሎን ያልሞከሩት የለም፤ ካንዴላ ቀይረዋል፣ ካርቡሬተር ፈትተው አጥበዋል፣ ሽቦውን ሁሉ አድሰዋል።

«ዶክተር፣ ይሄ መኪና አርጅቶ ነው እንጂ ታሞ አይደለም» አሏት።

«ጋሽ ብሎን፣ ሰው ጥርሴን አመመኝ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀውን ያውቃሉ? ሙቅ ሲነካው ነው ወይስ ቀዝቃዛ? እላለሁ። ጉጠቱ ኋላ ይደርሳል። ሽማግሌውን ሁልጊዜ የሚያዩት የት ነው?»

«እዚሁ፣ ግቢ ውስጥ።»

«ቀዝቅዞ?»

«አዎ… ቀዝቅዞ።» ጋሽ ብሎን አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«በሉ ይግቡ፤ ሲያመው እንየው።»

ሊወጡ ሲሉ እናት ከበረንዳው ሆነው «ምን አደከመሽ ልጄ፣ ተይው፣ እንዲሁ ይሻለዋል» አሏት። ከልባቸው የሚሉት አልመሰላትም።

ዳገቱ ላይ ሽማግሌው አላሳፈራቸውም፤ በተለመደው ቦታ ሳለና ሞተ። ሐኪሟ ኮፈኑን ከፈተች። መጀመሪያ አንድ ካንዴላ ነቅላ ከሽቦው ጋር አያይዛ ብረት አስነካችውና «ቁልፉን ያዙሩት!» አለች። ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። እሳቱስ አለ። ካንዴላውን መልሳ አጠበቀችና ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን የቤንዚን ቱቦ ፈትታ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ከተተችው። «አሁንም ያዙሩት!» ቱቦው ፍስስ፣ ፍስስ አለ። ቤንዚን የሚባል ነገር ጠብ አላለም፣ ትንፋሽ ብቻ።

የቤንዚኑ ፓምፕ ከሞተሩ ጎን ተለጥፎ ነው ያለው። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋው እጇን ሰበሰበች፤ ያቃጥላል። መሐረቧን በመጠጥ ውሃ ነክራ አለበሰችው። ጪስስ አለ። ትንሽ ታገሰችና ሦስተኛ ስታስዞራቸው ቤንዚኑ ኩልል ብሎ ጠርሙሱ ውስጥ ወረደ።

«ፓምፑ ውስጥ እየፈላ ነው!» አለች። እንደ ልጅ መዝለል ነው ያማራት። «ቤንዚኑ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፓምፑ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!» አሉ ጋሽ ብሎን ጭንቅላታቸውን ይዘው። «ያን ሁሉ ዘመን ካርቡሬተሩን ስገርፈው!»

ግቢ ተመልሰው ሲበርድ ፓምፑን አወረዱት። ከሞተሩ የሚለየው ቀጭን ወረቀት ብቻ ነበር። ጋሽ ብሎን ወዲያው ገባቸው፤ እዚያ መሐል ሙቀት የማያሳልፍ፣ የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ሰሌዳ መግባት ነበረበት። ዱሮ ሞተሩ ሲወርድ ተሰብሮ ቀርቷል። «የዚህን ዘመን መለዋወጫ ዛሬ ከየት ይመጣል?» ብለው ተከዙ።

ወረቀቱን ፍቃ ለማንሳት የሚሆን ነገር ፍለጋ ሐኪሟ የአባቷን የመፍቻ ሳጥን ዘረገፈችው። ከታች፣ አበባ ባለበት የሴት ሻርፕ ተጠቅልሎ አንድ ነገር ወጣ። ፈታችው። ጥቁር ሰሌዳ፣ አዲስ፣ ብሎን ያልነካው። ከፓምፑ ጋር ስታስተያየው ቀዳዳ ለቀዳዳ ገጠመ።

ጋሽ ብሎን በደስታ አጨበጨቡ። እሷ ግን ክው አለች። አባቷ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሰምተው እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ዕድሜ ልካቸውን ዳገት ላይ ቆሙ?

ከነሻርፑ ይዛው ወጥ ቤት ገባች። እናት ድንች ይልጣሉ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

እናት ሰሌዳውን አላዩትም፤ ያዩት ሻርፑን ነው። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«አገኘሽው? እኔ ነኝ የጠቀለልኩት» አሉና እንደ ኮረዳ ሳቁ። «አባትሽ እንደ ልጅ እየፈነደቀ ገዝቶት መጣ። ‹እሱን ከገጠምክ እኔ ከዚህ መኪና ወረድኩ› አልኩት።»

«ለምን?»

«ቤታችንን ረሳሽው? አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ወንድምሽ ያለቅሳል፣ አያትሽ ይጣራሉ፣ ልብስ የምሰፋለት ሁሉ በር ይደበድባል። ከአባትሽ ጋር አንድ ወሬ ጀምረን የጨረስነው እዚያ ዳገት ላይ ብቻ ነው። መኪና ተበላሽቶበት የቆመን ሰው ማን ይጠራዋል? ያቺ ግማሽ ሰዓት የኔ ነበረች።»

ሐኪሟ ሰሌዳውን በእጇ አገላበጠችው። ሰሌዳውን ካልገጠመችው ሰኞ ብረት ገዢው ይወስደዋል፤ ከገጠመችው ደግሞ የእናቷን ግማሽ ሰዓት በገዛ እጇ ልትወስድባቸው ነው። «ልተወው?» አለች።

«ግጠሚው። ከነበሽታው ከሚወስዱብኝ ድኖ ይኑርልኝ» አሉ እናት፣ ድንቹን መልሰው እያነሱ። «ደግሞስ አሁን እዚያ ብንቆም ማን ያናግረኛል? ወንድምሽ በስልኩ ይጮኻል፣ አንቺ ኮፈን ውስጥ ትገቢያለሽ። እኔ በመስኮት ሳይ ነው የምመለሰው።»

ሐኪሟ ሰሌዳውን ይዛ ወጣች። ሄዳ ገጠመችው።

እሁድ እሷ መሪውን ያዘች፣ እናት ከጎኗ፣ ወንድም ከኋላ። ዳገቱ ተጀመረ። ሽማግሌው የሚሞትበት ኩርባ ሲቃረብ ወንድም ስልኩን ዘግቶ አንገቱን በመሐላቸው አሾለከ።

«አሁን… አሁን ይቆማል… አሁን!»

ሽማግሌው ሳል የሚባል ነገር አላሰማም። ኩርባውን ዞረ፣ ጫፉ ላይ ወጣ። ሐኪሟ ግን ቀስ ብላ ዳር ያዘችና ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ቆመ! አላልኩም?» ወንድም ጭኑን መታ። «ሰኞ—»

«አልቆመም፤ አቆምኩት።» ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። መልሳ አጠፋችው። ቁልፉን ነቅላ የእናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ወደ እሳቸው ዞራ ተቀመጠች። ኮፈኑን አልከፈተችም።

እናት ቁልፉን ጨበጡ። ፈገግ አሉ።

«ተበላሽቷል» አሉ ፈርጠም ብለው። «ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እኔና አባታችሁ እዚህ ስናወራ እንደምንቆየው።»

ወንድም አንዴ እናቱን፣ አንዴ እህቱን አየ። «ደህና አይደለም እንዴ?» ሊል አፉን ሲከፍት የእናቱ ዓይን እንባ ማቅረሩን አየና ዋጠው። ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዱ አነሳው።

«አቤት… አይ፣ አሁን አልችልም። መኪና ተበላሽቶብን ዳገት ላይ ነን።» ትንሽ አዳመጠ። «መካኒክ አትላኩ። የሚጠገን ዓይነት አይደለም።»

ስልኩን አጠፋና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ክርኑን የእናቱ ወንበር ላይ አስደግፎ ጠጋ አለ።

«እሺ እማዬ፣ አባዬ እዚህ ምን ምን ይልሽ ነበር?»