ኤናንጋ በቦታው ያላስቀመጠችው ፋይል

ወዳጆቼ፣ ፀሐይ እንደ እንግዳ ብቅ ብላ የምትጠፋበት ከተማ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? በካሜሩን ትልቁ ተራራ ሥር ያለችው ቡዌያ እንደዚያ ናት። ኤናንጋ እዚያ ተራራው ሥር ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትውለው። ድሮ ሊዮንጋ አብሯት ይሠራ ነበር፤ የተሻለ ደመወዝ አገኘና ወደ ሞቃቷ የወደብ ከተማ ዱዋላ ወረደ።

ሥራዋ የደንበኞች የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዴት እንደዋለ የሚመዘግብ ሌላ ፕሮግራም መጠበቅ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ መናኸሪያውም፣ ክሊኒኩም የየራሳቸው ፎልደር አላቸው። በየፎልደሩ ምን ይመዝገብ፣ ለማን ይነገር የሚል ቅንብር ፋይል አለ። መዝጋቢው የሚሠራው ግን ኮንቴይነር በሚሉት ሳጥን ውስጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኑ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል ያነባል፣ ውስጡ ገብተው የነካኩትን ግን ይረሳዋል።

ሊዮንጋ ደግሞ ችኩል ነበር። መልእክት ያልደረሰውን ሰው ለክሊኒኩ የሚያሳውቀውን ፋይል ፎልደሩ ውስጥ በማረም ፈንታ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ይነካካ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር እርማቱ ይጠፋል፤ ኤናንጋ ትደውልለታለች።

«አንቺ፣ ደግሞ ጠፋ?»

«ጠፋ። ሠርተህልኝ አይደል የሸሸኸው!»

«ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው፣ ትንሽ ጉም ላኪልኝ። በይ ጻፊ።»

እሱ ይነግራታል፣ እሷም ሳጥኑ ውስጥ ትጽፋለች፣ ይሳሳቃሉ። ፎልደሩ ውስጥ ብታስቀምጠው እስከ መጨረሻው እንደሚገላገሉት ጠፍቷት አይደለም። ግን ከተስተካከለ ለመደወል ምን ሰበብ አላት? ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነበር።

አንድ ማክሰኞ መብራት ሄዶ መጣ። ደወለች፤ ሊዮንጋ አላነሳም። እርማቱን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግን ይደውል ይሆናል ብላ ጠበቀች። በማግስቱ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ኤፌቲ ደወለች።

«ልጄ፣ ለነፍሰ ጡሮቹ የላክነው መልእክት ለአንዳንዶቹ አልደረሰም እኮ! ያልደረሳቸውን ትነግሩን አልነበረም እንዴ? መኪናው ሊያመጣቸው ቆሟል፣ ማንን ያምጣ? ደም ግፊት ያለባትም አለች!»

ኤናንጋ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» አለችና ፋይሉን ፎልደሩ ውስጥ፣ በቦታው ጻፈችው። ሳጥኑን አስነሳችው። መዝጋቢው የተጠራቀመውን ማንበብ ጀመረ፤ መልእክት ያልደረሳቸው ሴቶች ስም ተራ በተራ ወጣ። እሷም በስልክ አነበበችላት።

ማምሻውን ሲስተር ኤፌቲ ደግማ ደወለች፤ «ደም ግፊት ያለባትን አገኘናት፣ ክሊኒክ ተኝታለች፣ ደህና ናት። ተመስገን በይ።»

«ተመስገን» አለች ኤናንጋ፤ እንባዋ መጣ።

ወዲያው ሊዮንጋ ደወለ።

«ደውለሽ ነበር። ጠፋ?»

«አስተካከልኩት። ፎልደሩ ውስጥ።»

«ጎበዝ! ከእኔ ንዝንዝ ተገላገልሽ በይኛ!»

«ተገላገልኩ» አለች፤ ሳቅ ብላ።

«በይ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው።»

ከዚያ ወዲህ መብራት ስንቴ ሄዶ መጣ። መዝጋቢው አንዴም አልተሳሳተም፤ እናቶቹም በሰዓቱ ይመጣሉ። ሊዮንጋ ግን አልደወለም፤ ምን ብሎ ይደውላል? እሷም እንደዚያው። ምሳዋን ከኮምፒውተሩ ፊት ጸሎት አድርሳ ትበላለች።

ወዳጆቼ፣ ብቻውን የሚውል ሰው የምታውቁ እንደሆነ፣ እባካችሁ ዛሬ ያለ ምንም ጉዳይ ደውሉለት።