የክንዴ ጠርሙስ

«አፈር ስሆን የሻረግ፣ አንድ እፍኝ ገለባ ጨምሪላቸው» አለች እንቁ፣ ከፍራሹ ሳትነሳ።

ጎረቤቷ ግራ ገባት። «ለማን? ከብት አላችሁ እንዴ?»

«ለክንዴ ጠርሙስ ነው፤ ምድጃው ጥግ አለ። ባሏን ቀብራ ሥራ ገባች እንዳይሉኝ ነው እንጂ እኔው በተነሳሁ። ዛሬ ካልበሉ ያልቃሉ።»

ባሏን የቀበረች ሴት እስከ ሠልስት ከፍራሽ አትነሳም። ይህን ማን እንደደነገገው እንጃ፤ ጠባቂው ግን ሞልቷል። ዋናዋ ጠባቂ አጠገቧ የተቀመጡት አማቷ፣ እማማ ውባለም ነበሩ። ከዳንግላ ገጠር ለቀብሩ ከመጡ ጀምሮ ለእንቁ አንድ ደግ ቃል አልወጣቸውም።

ክንዴ እዚሁ እንጅባራ በአንድ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ያረባቸው ባክቴሪያዎች በብርድ ሲያልቁበት፣ የተረፉትን በትልቅ ጠርሙስ ይዞ ቤቱ ገባ። «አንደኛው ዘር ገለባውን ፈትቶ ስኳር ያደርገዋል፤ ስኳሩ ሲከማችበት ግን ሥራ ያቆማል። ሌላው ስኳሩን እየበላ ፋብሪካ የሚፈልገውን አሲድ ያወጣል። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንላቸውም» ብሎ ሲያስረዳት፣ «አንዱ ለፍቶ አንዱ ሊበላ! የሚበላው አንተ ነሃ!» ብላው ነበር። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁለቱን አስማምቶ ለማኖር ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ከዚያ ሳንባውን ታመመና በአምስተኛው ቀን ሞተ። ዛሬ ባልደረባው ይኸነው ጠርሙሱን ሊረከብ ይመጣል። ሁለቱ ዘሮች ሌላ ቦታ የሉም።

የሻረግ ከጓዳ ተመለሰች። «ጠርሙሱ ታጥቦ ተደፍቷል፣ እህቴ። ውስጡ ምንም የለም።»

እንቁ ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ፣ ምን አደረጓቸው?»

«በረኪና ደፋሁባቸው!» አሉ እማማ ውባለም፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ። «ሐኪሙ ልጄን የገደለው ባክቴሪያ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንቺ የልጄን ገዳይ ጓዳሽ አስቀምጠሽ ገለባ ታበያለሽ!»

«እነዚህ እኮ ሌላ ናቸው! ገለባ እንጂ ሰው አይበሉም። ከክንዴ የቀረኝ እነሱ ነበሩ።»

«ልጅ ብትወልጂለት ይቀርልሽ ነበር።»

እንቁ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

ይኸነው ከሁለት ሰዎች ጋር ገባ፣ ባዶ ሣጥን በብብቱ ይዟል። እማማ ውባለም ሲያዩት ብድግ አሉ። «የተማረ ልጄን! ልጄን!» እያሉ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ሁለቱን ቀን እንዲህ ሲሆኑ እጃቸውን ይዛ የምታስቀምጣቸው ምራታቸው ነበረች።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እንቁ ዞረ። እሷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።