«እማዬ ቤት ናት»

ቅናት በባዳ ላይ ሲሆን መድኃኒት አለው፤ ሰውየውን አምተው፣ ሰድበው ይወጣላቸዋል። በገዛ እህት ላይ ሲሆን ግን ምን ይደረጋል? ሀረገወይን ይህን ለነፍስ አባቷም ተናግራ አታውቅም። ልጇ ሰላም የእሷን ታላቅ እህት ወለተሰንበትን «እማዬ» ብላ በጠራች ቁጥር ግን አንጀቷ ያራል።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ሰላምን የወለደቻት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀን ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ኮፒ ቤት ትሠራ፣ ማታ ትማር ነበር። ልጅቷን አቅፋ የምታስተኛት፣ ስትታመም ይዛት ጤና ጣቢያ የምትሮጠው አብነት ሰፈር በርበሬና ሽሮ የምትነግደው ወለተሰንበት ነበረች። ልጅ ደግሞ የሰማውን ነው የሚለው። ቤተሰቡ ሁሉ «ሀረግ» ሲላት ሰምታ ሰላምም «ሀረግ» አለቻት። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሀረገወይን ራሷ «እስቲ ድገሚው!» ብላት ነበር። ይኸው እየደገመችው አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት።

ባለፈው ሳምንት ሰላም ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ ወሬዋን ጀመረች። የክፍሏ ልጆች ሁሉ የሚያወሩለት ፊልም እዚሁ ልደታ ሲኒማ ቤት ገብቷል። ችግሩ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ አይገባም።

«እማዬ፣ አንቺ ትወስጂኛለሽ አይደል?» አለች ወደ ወለተሰንበት ዞራ።

ሀረገወይን እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እንደ ዕቃ አለፈቻት።

«ወላጅ ነው እኮ የተባለው» አለች፣ ድምጿ ካሰበችው በላይ ከፍ ብሎ። «ወላጅ ማለት የወለደ ነው። እኔ እወስድሻለሁ!»

ወለተሰንበት አልተቀየመችም። «እውነቷን ነው፣ ልጄ። እኔማ ጨለማ ቦታ ከተቀመጥኩ እንቅልፌ ነው የሚመጣው» አለች። ሀረገወይን በዚህችም ቀናች። እንዲህ ያለውን ሆደ ሰፊነት ከየት ነው የምታመጣው?

ቅዳሜ ዕለት ሀረገወይን ፀጉሯን ተሠራች፣ ጂንስ ሱሪዋን ለበሰች፣ ነጩን ስኒከሯን አደረገች። የሰላም ጓደኞች «እንዴት ያለች እናት አለቻት!» እንዲሉላት ነበር። ያ ሁሉ መሽቀርቀር ለጉድ እንደነበር የገባት ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ነው። ቲኬት የሚቆርጠው ፈቃደ የሚባል ጎልማሳ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ወላጇ የታለች?»

«እኔ ነኝ።»

«ስሚ እህቴ፣ ዛሬ ብቻ ስንቷ እህት እናት ሆና መጣችብኝ መሰለሽ!»

መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠችው። ገልበጥ አድርጎ አይቶ መለሰላት። «እዚህ ላይ የሷ እናት ናት ይላል?»

«ሀረግ፣ ንገሪው እንጂ!» አለች ሰላም።

ፈቃደ ሳቀ። «እናቷን በስሟ የምትጠራ ልጅ ዛሬ አየሁ።»

ሰልፉ ከኋላ ይገፋል፣ ጓደኞቿ ከነእናቶቻቸው ገብተዋል፣ ፊልሙ ሊጀምር ነው። ሰላም ጨነቃትና ከአፏ ወጣ፦

«ጋሼ፣ እማዬ ቤት ናት! ልደውልላት? ቅርብ ናት፣ አሁን ትመጣለች።»

«ይኸው!» አለ ፈቃደ ወደ ሀረገወይን ዞሮ። «አላልኩሽም?»

«የወላድ መካን አታድርገኝ» እያሉ የሚለምኑ እናቶችን ስትሰማ የምታዝንላቸው ሴት፣ ዛሬ ሰው ፊት የወላድ መካን ሆና ቆመች።

ሰላም ስትደውልላት ወለተሰንበት ሽርጧን እንኳን ሳትፈታ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከታክሲ ወርዳ እያለከለከች መጣች። የበርበሬው ሽታ ቀድሟት ደረሰ። ፈቃደ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እማማ፣ የልጅቷ እናት እርስዎ ነዎት?»

ወለተሰንበት አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን እህቷ ላይ ነበር። እውነቱን ልትናገር እንደሆነ ሀረገወይን ገባት። እውነቱ ከተነገረ ደግሞ ክርክሩ እንደገና ሊጀመር ነው። የሰላም ዓይን እንባ አቅርሯል።

«አዎ፣ እናቷ እሷ ናት» አለች ሀረገወይን ቀድማ። «እኔ እህቷ ነኝ።» ለራሷ የገዛችውን ቲኬት ለወለተሰንበት አስጨበጠቻት።

ሰላምና ወለተሰንበት እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ፈቃደ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ለሀረገወይን ወንበር አቀረበላት።

«እናታችሁ ደግ ሰው ይመስላሉ» አላት።

«ናት» አለች። ወለተሰንበት ክፉ ብትሆንላት እንዴት በቀለላት! «ማን እንደ እናት» ይባላል። እሷ ቤት ግን እናት የምትባለው ሌላ ናት፣ ያቺ ሌላም እንከን አይወጣላትም።

ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ የአዳራሹ በር ተከፈተና ሰላም ብቻዋን ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሀረግ! ነይ ግቢ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ያስፈራል። እማዬ ደግሞ ተኝታለች። ብቀሰቅሳት 'አላለቀም እንዴ?' ብላኝ መልሳ ተኛች።»

«እናትሽ አብረውሽ ካሉ ምን ያስፈራሻል?» አለ ፈቃደ።

ሰላም ቀና ብላ እንኳን አላየችውም። የሀረገወይንን እጅጌ ትጎትታለች። «እኔ ሀረግን ነው የምፈልገው» አለች።

ፈቃደ አንዴ የልጅቷን፣ አንዴ የሴትየዋን ፊት አየ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው።

ሀረገወይን ባዶ ወንበር አግኝታ ከልጇ ጎን ተቀመጠች። መጋረጃው ላይ አንድ ነገር ሲጮህ ሰላም ክንዷ ውስጥ ተወሸቀች፣ «ሀረግ፣ ሀረግ» እያለች። ያን ስም በዓለም ላይ እንዲህ አድርጎ የሚጠራው ሌላ ሰው እንደሌለ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

ብርሃኑ ብልጭ ሲል ወደዚያኛው ጎን አየች። ወለተሰንበት አንገቷን ደፍታ ታንኮራፋለች። የሰላም ሌላኛው እጅ የእማዬን ነጠላ ጫፍ ጨብጧል።

ሀረገወይን አየችውና ቀናች። ከዚያ እሷ ጋ ያለውን እጅ አጥብቃ ያዘች።