የካፒቴኑ ቻርጀር

ካፒቴን ይትባረክ ከቱም በረራ ሲመለስ ታብሌቱ ቻርጅ ጨርሳ ሰማይ ላይ ጠፋችበት። ካርታው፣ መንገዱ፣ የአየሩ ወሬ ሁሉ እሷ ውስጥ ነበር። ሰውየው የወረቀት ካርታ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጉሙን በዓይኑ እየፈተሸ እንደምንም እዚህ አማን ከተማ አረፈ። ከዚያ ቀጥታ ሱቃችን መጥቶ ባንኮኒውን በጥፊ መታው።

«ሙሉ ቻርጅ አድርጊልኝ አላልኩሽም?»

«እኔማ ሰክቼ ነበር ካፒቴን። መብራቱ ነው ያልመጣው።»

እኔ ሹክሪያ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርትን ትቼ አጎቴ ዐብዱልጀባር ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ። ካፒቴኑ የሚያበራት ነጭ አውሮፕላን ስድስት ሰው ትይዛለች፤ መኪና ወደማይገባበት ክትባትና አስተማሪ ታደርሳለች። ያን ቀን እስኪበርድለት ብዬ የመኪና ቻርጀር ሸጥኩለት። አውሮፕላኗ ከኋላ ወንበሯ ሥር እንደ መኪና የሲጋራ መለኮሻ ያለ ሶኬት አላት።

«ኦሪጅናል ነው?» አለኝ።

«ኦሪጅናል ነው» አልኩት።

አሁን እውነቱን ልናገር። እኛ ሱቅ ዕቃ ሲገባ አጎቴ ትንሿን ሬዲዮ ከፍቶ ጣቢያ የሌለበት ቁጥር ላይ ያቆምና ቻርጀሮቹን ተራ በተራ አጠገቧ ይሰካል። ዝም ያለው ደህና ነው፤ «የዘመድ» የምንለው ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሬዲዮዋን «ቺርርር» የሚያሰኛት ውስጡ ዕቃ ቆጥበውበታል ማለት ነው፤ እሱ «የመንገደኛ» ካርቶን ውስጥ ይገባል። በአውቶቡስ ወደ ቴፒ የሚያልፍ ሰው ይገዛዋል፤ ሰውየውም ቻርጀሩም ተመልሰው አይመጡም። ካፒቴኑ ደግሞ ባንኮኒያችንን መትቶብናል። ለዚያውም ከእሱ በላይ መንገደኛ ከየት ይመጣል? ከመንገደኛው ካርቶን አውጥቼ ሰጠሁት።

የአውሮፕላኗ ባለቤት ድርጅት ታብሌቷ መጥፋቷን ሲሰማ፣ ደንበኛ የዩኤስቢ መሰኪያ አውሮፕላኗ ላይ እስኪገጠም እንዳትበር አለ። በሳምንቱ መካኒኳ ከአዲስ አበባ መጣች። ንጋቷ ትባላለች፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አማን ነው። ሱቃችን የመጣችው የራሷን ስልክ ልታሠራ ነበር። እኔ ስፈታ ስታየኝ ቆየችና፣

«እጅሽን አሳዪኝ» አለችኝ።

«ወላሂ ምንም አልወሰድኩም እትዬ።»

«ስፋቱን ልየው ነው፣ አንቺ!»

ለካ ከፓይለቱ ፊት ካሉት ሰዓት መሳይ መለኪያዎች ጀርባ ያለው ክፍተት የእሷን ክንድ አላስገባ ብሏታል። ሜዳው ወስዳ ብታስሞክረኝ የእኔ እስከ ብብቴ ገባ።

ሁለት ቀን አብረን ሠራን። እሷ መዝሙር እያንጎራጎረች ሽቦውን ትለካለች፤ እኔ ከኋላ እየሳብኩ አሳልፋለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሱቃችን ሽቦ በጥርሴ ልልጥ ስል አየችኝ።

«ሁለተኛ እንዳላይሽ! ጥርስሽን ነው የምነቅለው። አንዲት ክር ብትቆርጪ ሰማይ ላይ ይግላል።»

ብሎን በቁጥር ትሰጠኛለች፣ በቁጥር ትቀበለኛለች። የነካሁትን ሁሉ በቃሌ ታስደግመኛለች። ነዘነዘችኝ፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ሥራ የጣመኝ ነገር የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ «ይሄ ሥራ ካማረ፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን የሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ ለማጅ እንዲቀበሉሽ ለአለቆቼ እነግራለሁ» አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት አጎቴ ሻይ ሲያቀብለኝ «ሃንጋር» ብዬ አመሰገንኩት።

በሦስተኛው ቀን የአውሮፕላን ማረፊያው ጠባቂ ላሞቹን ከሜዳው አባሮ፣ ክትባቱ ተጭኖ፣ ሦስት አስተማሪዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ስለሚመጣ ከዚያ በፊት ወደ ቱም መነሳት አለባቸው። ንጋቷ አዲሱ መሰኪያ ላይ ታብሌቷን ሰካች። መሙላት ጀመረች! ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተኮማተረ።

«ምንድነው ይሄ? ምንም አይሰማኝም። ይጮኻል።»

ንጋቷ ማዳመጫውን ተቀብላ ሰማች። የመስመሩን ኃይል ማቋረጫ ብሬከር ስትነቅለው ጸጥ አለ። ስትመልሰው ጮኸ።

«መሰኪያው ነው» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «ሬዲዮ የማይሰማ ፓይለት አላበርም። ይነሳል። እዚያው ወደመጣበት ይመለሳል።»

የእኔም ሃንጋር አብሮ ሲመለስ ታየኝ።

«እስቲ እኔም ልስማው» አልኩ።

«ምን ታውቂያለሽ ብለሽ?» አለ ካፒቴኑ።

«ጆሮ አለኝ እኮ!»

ማዳመጫውን አደረግኩት። ቺርርር። ይሄን ድምፅ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

ዞር ስል ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከአንዷ ቦርሳ ጀርባ፣ አረንጓዴ መብራት አየሁ። ያቺው የእኔው ቻርጀር የካፒቴኑን ፓወር ባንክ ትሞላለች። ሶኬቱ ከአዲሱ መሰኪያ ጋር በአንድ ብሬከር ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ብሬከሩ ሲነቀል አብራ ዝም ያለችው።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ቦርሳውን የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩና ነቅዬ እጅጌዬ ውስጥ ከተትኳት።

«አሁን ሞክሪው እትዬ» አልኩ።

ጸጥ። ካፒቴኑ ሬዲዮው ላይ ተነጋገረ፤ ጥርት ብሎ መለሱለት። አስተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፣ በቀስታ፣ ከእጅጌዬ እንዳትወድቅ።

ንጋቷ ግን አላጨበጨበችም። የአውሮፕላኗን መዝገብ ከፍታ እስክሪብቶዋን አየር ላይ አቆመችው።

«ለምን ተወ?»

«ተወ ማለት... ተወዋ» አልኩ።

«ለምን እንደጮኸ ሳላውቅ፣ ለምን እንደተወ ሳላውቅ አልፈርምም። ደመና ውስጥ ሲገቡ ቢመለስስ?» መዝገቡን ከደነችው። «መሰኪያውን አነሳዋለሁ። በረራው ለነገ ይሁን።»

ዝም ካልኩ መሰኪያው ይነሳል። ከተናገርኩ ሌባ ነኝ። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የአጎቴ ሱቅም ስሙ ይጠፋል። አስተማሪዎቹ ሻንጣቸውን ሊያወርዱ ብድግ ሲሉ ቻርጀሯን ከእጅጌዬ አውጥቼ እጄን ዘረጋሁ።

«ይቺ ናት። ከኋላ ወንበር ሥር ነው የነቀልኳት። የሸጥኩለትም እኔ ነኝ።»

ካፒቴኑ ቻርጀሩን አየ። እኔን አየ።

«ኦሪጅናል ነው ብለሽ አልማልሽልኝም?»

«አልማልኩም። 'ኦሪጅናል ነው' ብቻ ነው ያልኩት።»

«አፏን እዩልኝ!»

ንጋቷ ቻርጀሩን ተቀብላ መልሳ ሰካችው። ጮኸ። ነቀለችው። ጸጥ አለ። አሁንም ሰካችው፣ ነቀለችው። ከዚያ አዲሱ መሰኪያ ላይ ታብሌቷንም ፓወር ባንኩንም አንድ ላይ ሰክታ ሞከረች። ጸጥ። ረጅም ነገር ጻፈችና ፈረመች።

አውሮፕላኗ ተነስታ ከጫካው ወዲያ ጉሙ ውስጥ ገባች። ንጋቷ መፍቻዎቿን እየቆጠረች ሳጥኗ ውስጥ ትደረድራለች። እኔ ሣር እነጫለሁ።

«ድብቅ ሰው እዚህ ሥራ ላይ አልፈልግም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ደቂቃ ደብቀሻል።»

«ሁለት አይሞላም...»

«ሹክሪያ!»

የነጨሁትን ሣር ጣልኩት።

«እንዴት አወቅሽው? አንዴ ሰምተሽ?»

የሬዲዮዋን ነገር ነገርኳት፤ ሁለቱን ካርቶኖችም፣ ሳላስቀር። መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ሳቁ ግን በአፍንጫዋ አመለጣት።

«አጎትሽን ዛሬ ማታ እኔው አነጋግረዋለሁ» አለች። «አንቺን በተመለከተ ደግሞ፣ ለአለቆቼ እነግራለሁ ብያለሁ፣ እነግራለሁ። ሁሉንም ነው የምነግራቸው፣ የደበቅሽውንም የተናገርሽውንም። ግን ስምንተኛን ሳትጨርሺ ማንም በር አይከፍትልሽም። መዝገቡን አንብበሽ ካልገባሽ ምን ላይ ትፈርሚያለሽ?»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው!»

«አዎ። እኔ ደግሞ በየሦስት ወሩ እመጣለሁ። ደብተርሽን እያየሁ ነው እጅሽን አውሮፕላኗ ውስጥ የማስገባው።»

ሜዳው በር ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩን ሱቃችን ከመድረሱ በፊት ትምህርት ቤቱ ጋ አቁመኝ አልኩት። ዘበኛው ጋሽ ሀምዱ ያውቁኛል፤ ለተማሪዎቹ ማዳመጫ ስሸጥ ስንቴ አባረውኛል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትሸጪ መጣሽ?»

«ልመዘገብ ነው።»

«ማን?»

«እኔ። ሰባተኛ።»

ቦርሳዬን አስከፍተው በረበሩ፤ ምንም የሚሸጥ አጡ። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ በሩን ገፋ አደረጉልኝ።

«ቢሮው በግራ ነው። ሩጪ፣ ለምሳ ሊወጡ ነው።»

ሮጥኩ።