ሃያ ሰከንድ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ካፊያው የክሊኒኩን መስኮት ያረጥባል።

አዛውንቱ የጎማውን ኳስ በቀኝ እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ተክለዋል። ከስትሮኩ ወዲህ ያ እጅ የራሳቸው አልመስል ብሏቸዋል። ጣቶቻቸው ላልተው ኳሱ አመለጠና ወለሉ ላይ ነጠረ። ፊዚዮቴራፒስቱ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቆጣሪ ሃያ ላይ አቆመው። የሚፈለገው ሠላሳ ሰከንድ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አሉ። «እኔ ከሁለቱም አነስኩ።»

ፊዚዮቴራፒስቱ አልሳቀም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ ያልደረሰ ታካሚ ቦታውን ለተረኛ እንደሚለቅ፣ ደንቡንም እሱ እንዳላወጣው በለሰለሰ ድምፅ አስረዳ። የስንብት ቅጹን ከመሳቢያ አወጣ።

ልጃቸው ኳሱን ከጠረጴዛው ሥር አነሳች። ቆጣሪውን ለክሊኒኩ የሠራችው እሷ ናት፤ በራሷ ስም የሸጠችው የመጀመሪያ ፕሮግራም ነው።

«ይሄ ሰዓትሽ ይዘገያል፣ ልጄ።»

ይህን ሲሏት አራተኛቸው ነው። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን የደከመ ሰው ሰበብ አያጣም ብላ ሦስቱንም ጊዜ አልፋዋለች።

«አባዬ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው።»

«ሰዓት የተባለ ሁሉ ይዛነፋል። ቁም ነገሩ በስንት የሚለው ነው።»

ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። ማሰሪያውን ፈትታ ሰዓታቸውን ከስክሪኑ አጠገብ አኖረች፤ ቅጹ እስኪፈረም ዝም ብሎ ከመቆም ይሻላል ብላ ነበር። ቆጣሪው ሠላሳ ሲል የአባቷ ሰዓት አርባ ሰባት ሰከንድ ቆጥሯል። ደገመችው። አርባ ሰባት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፕሮግራሙን ስትጽፍ ኮምፒውተሩን በየአሥር ሚሊሰከንዱ፣ ማለትም በየአሥር ሺኛ ሰከንዱ፣ ቀስቅሰኝ ብላ አዝዛው፣ ቆጣሪው በተቀሰቀሰ ቁጥር አሥር እንዲደምር አድርጋ ነበር። ይህ የክሊኒኩ ማሽን ግን የሚቀሰቅሰው በየአሥራ ስድስት ሚሊሰከንዱ ገደማ ነው፤ ቆጣሪው አሥራ ስድስቱን አሥር ብሎ ይመዘግባል። ኮምፒውተሩን ስንት ሰዓት ሆነ ብላ መጠየቅ ሲገባት ቅስቀሳውን ቆጠረች። ቤቷ ባለው ማሽን ልክ ስለመጣላት እዚህ አልሞከረችውም።

«ስለዚህ የአባባ ሃያ...» አለ ፊዚዮቴራፒስቱ።

«ሠላሳ አንድ ነው።»

ቅጹን ወደ መሳቢያው መለሰ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ፤ የአባቷን ውጤት በእጅ ሰዓት ለክቶ እንደሚያስተካክል፣ ጉዳዩ የክሊኒኩ ኃላፊ ጆሮ ከደረሰ ግን ፕሮግራሙ ከሦስቱም ቅርንጫፎች እንደሚነሳ ነገራት። ሊጠብቃት ፈልጎ ነው፤ ገብቷታል።

አባቷን አየች። ኳሱን መልሰው ጨብጠዋል፤ አፋቸው ያለ ድምፅ ይቆጥራል።

«በዚህ ቆጣሪ የተሰናበቱት ስንት ናቸው?»

ፊዚዮቴራፒስቱ መዝገቡን ገለጠ። «አራት።»

«ደውልላቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እኔው ልንገራቸው። ከዚያ ኃላፊዋ ቢሮ አብረን እንገባለን።»

የመጀመሪያው ስልክ በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ።